የቫኪዩም መጫኛ ሰሌዳ ከምን ይሠራ? ቬኒየር ለሚለጥፉ አንባቢያን የተሰጡ መልሶች

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። በአዲስ አበባ፣ ገርጂ አካባቢ አነስተኛ የቤት ዕቃ መሥሪያ አለኝ። እስካሁን ቬኒየር (ስስ የእንጨት ልጣጭ) የምለጥፈው በሞርሴቶና (በማጥበቂያ መያዣ) በወፍራም አግዳሚ እንጨቶች እየጠረቅሁ ነበር፤ ነገር ግን ሰፋፊ በሮችና የጠረጴዛ ፊቶች ላይ መሀሉ በደንብ ሳይያዝ እየቀረ ስላስቸገረኝ፣ ለማቀዝቀዣ ጥገና የሚያገለግል የቫኪዩም ፓምፕ ገዝቼ ዕቃው ገብቶ አየሩ የሚሳብበትን ከረጢትም አሠርቻለሁ። የቀረኝ ከረጢቱ ውስጥ የሚገባው የታችኛውና የላይኛው የመጫኛ ሰሌዳ ነው። በእጄ ያለው ከሕንፃ ሥራ የተረፈ ፊልም የለበሰ የፎርምወርክ (የኮንክሪት ማፍሰሻ ቅርጽ) ኮምፔልሳቶ፣ ባለ 18 ሚሊ ሜትር ፊቱ ያልለበሰ ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ጭረት ተጨምቆ የተሠራ ቦርድ) እና ባለ 3 ሚሊ ሜትር የአልሙኒየም ላሜራ ነው። አንድ የሙያ ባልደረባዬ ኃይሉ እጅግ ከባድ ስለሆነ ሰሌዳው በብረት ካልተጠናከረ ይጎብጣል ይለኛል። የትኛውን ልምረጥ? ውፍረቱስ ስንት ይሁን? በተጨማሪም የፓምፔ ጌጅ (የግፊት መለኪያ) ከ22 የሜርኩሪ ኢንች አያልፍም፤ ፓምፑ ደክሞ ይሆን?

መልስ፦ ከባልደረባዎ ስጋት ልጀምር፤ የሰሌዳው ምርጫ በሙሉ የሚቃናው ይህ ነጥብ ሲጠራ ነውና። በሞርሴቶ ስንጠርቅ ኃይሉ የሚያርፈው በጥቂት ቦታዎች ላይ ነው። ያንን ኃይል ከሞርሴቶው አፍ ወደ መሀልና ወደ ዳር የሚያዳርሰው የሰሌዳውና የአግዳሚው ጥንካሬ ብቻ ስለሆነ፣ ሰሌዳው ትንሽ ከጎበጠ መሀሉ ሳይጫን ይቀራል፤ እርስዎን ያጋጠመዎትም ይኸው ነው። በቫኪዩም ግን የሚጫነው በዙሪያችን ያለው አየር ነው። ከከረጢቱ ውስጥ አየሩ ሲወጣ የውጭው አየር እያንዳንዷን ስኩዌር ሴንቲ ሜትር በእኩል ይጫናል፤ ከላይ የሚጫነውን ያህል ከታችም ይገፋል። ሰሌዳው በሁለት እኩል ኃይሎች መካከል የተያዘ በመሆኑ የሚያጎብጠው ትርፍ ኃይል የለም። ስለዚህ ብረት መበየድም ሆነ ሰሌዳውን ማወፈር ገንዘብ ከማባከን አልፎ ሥራውን አያሻሽለውም። እንዲያውም አንዳንዶች ለማጠናከር ሲሉ የሚሠሩት ውስጡ ክፍት የሆነ የሣጥን ቅርጽ ያለው ሰሌዳ አደገኛ ነው። በውስጡ ያለው አየር በስንጥቆቹ በኩል በፓምፑ ከተሳበ፣ የላይና የታች ገጾቹ ወደ ውስጥ የሚገፋቸውን የአየር ክብደት በራሳቸው እንዲሸከሙ ይገደዳሉና፣ የውስጥ ድጋፎቹ በጣም የተቀራረቡ ካልሆኑ ገጹ ይሰረጉዳል።

ይህ ማለት ግን የሰሌዳው ቀጥተኛነት አያስፈልግም ማለት አይደለም፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። አየሩ ከሁለቱም ወገን እኩል ስለሚጫን ከረጢቱ በውስጡ ያለውን ዕቃ ቀጥ አያደርገውም። ዕቃው ተጣሞ ከተቀመጠ ኮላው እንደተጣመመ ያደርቀዋል። ስለዚህ የታችኛው ሰሌዳ ቀጥ ያለ፣ ያረፈበትም ጠረጴዛ በውሃ ልክ የተስተካከለ ሊሆን ይገባል። ረጅም ቀጥ ያለ ጣውላ ወይም የአልሙኒየም ማስመሪያ በርዝመቱ፣ በወርዱና በሁለቱም ሰያፍ አቅጣጫ አስቀምጠው ከሥሩ ብርሃን የሚያልፍ ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚስተካከለው ጠረጴዛው ነው።

ወደ ጌጁ ስንመጣ፣ ፓምፕዎ ደክሟል ብዬ አላምንም። ጌጁ የሚለካው በውጭው አየርና በከረጢቱ ውስጥ ባለው መካከል ያለውን ልዩነት ነው። በባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ገደማ፣ ማለትም 29.9 የሜርኩሪ ኢንች ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ እዚህ ያለው ግፊት 76 ኪሎ ፓስካል ወይም 22.4 የሜርኩሪ ኢንች ገደማ ነው። ስለዚህ ምንም ዓይነት ፓምፕ ቢገዙ ጌጁ እዚህ ከዚያ በላይ ሊያነብ አይችልም። በውጭ አገር የተጻፉ መመሪያዎች 25 ኢንች ድረስ ሳቡ ሲሉ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ላለ ሰው እንደተጻፉ ይገንዘቡ፤ ያንን ቁጥር ፍለጋ ፓምፕ መለወጥ አያስፈልግም።

ከዚህም በላይ እስከ 22 ድረስ መሳቡን አልመክርም። በዚያ ደረጃ ከረጢቱ ውስጥ የሚቀረው ግፊት እጅግ ትንሽ ስለሆነ፣ ውሃ በተለመደው የክፍል ሙቀት መትነንና መፍላት ይጀምራል። ነጭ ኮላም ሆነ በውሃ የሚበጠበጥ የዱቄት ኮላ በዳር በኩል አረፋ ያወጣል፤ እንፋሎቱም ወደ ፓምፑ ገብቶ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። ለማቀዝቀዣ ጥገና የተሠሩ ፓምፖች ዘይት የሚጠቀሙ ናቸውና ዘይቱ ወተት መስሎ ካገኙት ሳይዘገዩ ይቀይሩት። ጌጁን ከ19 እስከ 20 ባለው ላይ በመቆጣጠሪያ ቫልቭ ቢይዙት ይበቃል። በ20 ኢንች የሚገኘው ኃይል በአንድ ስኩዌር ሜትር 6.9 ቶን ገደማ ነው፤ ይህም በ122 በ244 ሴንቲ ሜትር ሙሉ ሰሌዳ ላይ ከ20 ቶን በላይ ማለት ነው።

ይህ ብዙ ቢመስልም ፋብሪካዎች በሙቅ ፕሬስ ከሚጠቀሙት ኃይል ያነሰ ስለሆነ፣ ለሰሌዳ ምርጫ የሚያስከትለው አንድ ነገር አለ። ቫኪዩም የዝግጅት ጉድለትን በኃይል አይሸፍንም። በጠንካራ ሰሌዳ ፊት ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ቢኖር፣ በእሱ ትክክል ያለው ቬኒየር ሳይጫን ይቀራል፤ ደርቆ የተጣበቀ የኮላ ጠብታ ቢኖር ደግሞ ቬኒየሩ ላይ ስርጉድ ይተዋል። እኛ ከፍ ባለ ቦታ የምንሠራ ሰዎች የምናገኘው ኃይል በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ያነሰ ነውና፣ የሰሌዳው ገጽ ልስላሴና የውፍረቱ እኩልነት ለእኛ ይበልጥ ያስፈልገናል። ገንዘብዎን በውፍረትና በብረት ላይ ሳይሆን በገጹ ጥራት ላይ ያውሉ የምለውም በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን በእጅዎ ወዳሉት ልምጣ። ከሦስቱ አንዱን ከመምረጥዎ በፊት ግን አራተኛ ሐሳብ ላቅርብ፦ በሁለቱም ወገን ሜላሚን የለበሰ ኤምዲኤፍ። ለኩሽና ቁም ሣጥን በየቦታው የሚሸጠው ይህ ቦርድ ለዚህ ሥራ ከማውቃቸው ሁሉ ይመቸኛል። ውፍረቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው፤ ገጹ ለስላሳና ጠንካራ ነው፤ ነጭ ኮላም ሆነ የዱቄት ኮላ አጥብቆ አይዘውም፤ ሁለቱም ወገን እኩል ስለለበሰ በእርጥበት ለውጥ ቶሎ አይጣመምም፤ ዋጋውም በአነስተኛ መሥሪያ አቅም የሚቻል ነው። ቺፑድ ላይ የለበሰውም ያገለግላል፤ ነገር ግን የቺፑድ ጠርዝ ቶሎ ይፈረፈርና ስለታም ፍርፋሪው ከረጢቱን ይበሳል፤ ስለዚህ ያን ከመረጡ ጠርዙን በጠንካራ እንጨት ይዝጉት። ሜላሚኑን ሲያጸዱ በብረት መፋቂያ አይጠቀሙ። ገጹ አንዴ ከተጫረ ኮላው በጭረቱ ውስጥ መያዣ ያገኛል፤ ከዚያ በኋላ የሚለጠፈው ቬኒየር ሲነሣ ሊቀደድ ይችላል። የእንጨት ወይም የፕላስቲክ መፋቂያና እርጥብ ጨርቅ ይበቃል።

ፊልም የለበሰው የፎርምወርክ ኮምፔልሳቶ ውሃን የሚቋቋምና ጠንካራ ስለሆነ ለታችኛው ሰሌዳ ሊያገለግል ይችላል። ይህን የምለው ግን አዲስ ከሆነ ብቻ ነው። በኮንክሪት ሥራ ላይ የዋለ ከሆነ የሲሚንቶ ቅሪት፣ የምስማር ቀዳዳና የመልቀቂያ ዘይት አለበት። ዘይቱ ወደ ቬኒየሩ ከተላለፈ በላዩ የሚቀባው ቫርኒሽ አይያዝም፤ የሲሚንቶው ቅንጣትም ስርጉድ ይተዋል። አዲስ ቢሆን እንኳ ሁለት ነገር ይመርምሩ። አንደኛው ወገን መንሸራተትን ለመከላከል የመረብ ቅርጽ የታተመበት ከሆነ ያ ወገን ቬኒየር ፈጽሞ ሊነካ አይገባም፤ ቅርጹ ሳይቀር ይታተምበታልና። ሁለተኛው ውስጣዊ ክፍተት ነው። በርካሽ ኮምፔልሳቶ ውስጥ ከመካከለኛዎቹ ንብርብሮች አንዱ ተቆርጦ የቀረበት ባዶ ቦታ ይኖራል፤ አየር ሲሳብ ከባዶው በላይ ያለው ስስ ገጽ ወደ ውስጥ ይገባል። በጣት ሲያንኳኩ ድምፁ የሚለወጥበትን ቦታ ይፈልጉ። ለላይኛው ሰሌዳ ግን ይህን ቦርድ አልመርጠውም፤ ገጹ ለዓይን ለስላሳ ቢመስልም የእንጨቱ ማዕበል ከፊልሙ ሥር አለ፤ ቫርኒሽ ከተቀባና ብርሃን ከጎን ሲመታው ያ ማዕበል በቬኒየሩ ላይ ይነበባል።

ያልለበሰው ኤምዲኤፍ ቀጥ ያለና እኩል ቢሆንም ኮላን ይጠጣል፤ በቬኒየሩ ቀዳዳዎች ያለፈ ኮላ ካገኘው ከዕቃው ጋር አንድ ሆኖ ይቀራል። ሊጠቀሙበት ከፈለጉ ሁለቱንም ወገንና ጠርዙን በፖሊዩሬቴን ቫርኒሽ ደጋግመው ቀብተው፣ በቀጭን የብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው፣ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ይተውት። አንዱን ወገን ብቻ መቀባት ቦርዱን ያጣምመዋል። ከዚያ የተሻለው መንገድ በሁለቱም ፊት ፎርማይካ መለጠፍ ነው፤ እንዲህ ከተሠራ ከሜላሚኑም የበለጠ ዕድሜ ያለው ሰሌዳ ያገኛሉ። አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብ፦ ኮላ እንዳይዘው ብለው ቬኒየሩን በሚነካው ገጽ ላይ ሰም ወይም ሲሊኮን አይቀቡ። ሁለቱም ወደ ቬኒየሩ ይተላለፋሉ፤ በተለይ ሲሊኮን በቫርኒሹ ላይ እንደ ዓሣ ዓይን ያሉ ክብ ጉድጓዶች እንዲፈጠሩ ያደርጋል፤ ያን ጊዜ ዕቃው ተፍቆም በቀላሉ አይድንም። በሰም ምትክ ስስ የፕላስቲክ ሉህ በሰሌዳውና በቬኒየሩ መካከል ያኑሩ። ተራው ፖሊኤቲሊን ከነጭ ኮላም ከዱቄት ኮላም ከኤፖክሲም ጋር አይጣበቅም፤ ነገር ግን መጨማደድ የለበትም፤ እያንዳንዱ ጭማዳ በቬኒየሩ ላይ መስመር ይተዋልና።

አልሙኒየሙ ማራኪ ይመስላል፤ በእርግጥም ሙቀትን በፍጥነት የሚያስተላልፍ በመሆኑ በኤሌክትሪክ ማሞቂያ ብርድ ልብስ ለሚሠሩ ሰዎች ከእንጨት ቦርዶች ሁሉ ይበልጣል። ያለ ማሞቂያ ሲሆን ግን ያው ጠባዩ ይጎዳል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች የአዲስ አበባ ብርድ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ቀዝቃዛ ብረት በቬኒየሩ ላይ ሲያርፍ ከኮላው ሙቀቱን ይስባል፤ ነጭ ኮላ ደግሞ በዚያ ቅዝቃዜ በሚገባ አይያያዝም፤ ሲደርቅም ነጭ ዱቄት መስሎ ይቀራል። ከዚህ ሌላ ያልተቀባ አልሙኒየም በነጣ ያለ ቬኒየር ላይ ግራጫ አሻራ ይተዋል፤ ባለ 3 ሚሊ ሜትሩም አንዴ ከታጠፈ እጥፋቱ አይለቅም። ላሜራው የብረት ቢሆን ኖሮ ጨርሶ አይሆንም እልዎት ነበር፤ ብረት፣ እርጥበትና በእንደ ኦክ ባሉ እንጨቶች ውስጥ በብዛት የሚገኘው ታኒን ሲገናኙ ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ይፈጥራሉና። በዚሁ ምክንያት በሰሌዳዎ ፊት ላይ የብረት ብሎን ራስ አይኑር።

ስለዚህ ለታችኛው ባለ 18 ሚሊ ሜትር ሜላሚን የለበሰ ኤምዲኤፍ በቂ ነው። የታችኛው ሰሌዳ ከዕቃው ሊሰፋ ይችላል፤ በላዩም አየር የሚወጣባቸው ቦዮች ያስፈልጉታል። በመጋዝ ወይም በራውተር (በእንጨት ላይ ቦይ በሚያወጣው ማሽን) 3 ሚሊ ሜትር ስፋትና 3 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያላቸውን ቦዮች በየ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ርቀት በርዝመቱም በወርዱም ያውጡ፤ ቦዮቹ እስከ ጠርዝ ይድረሱ፤ ከመካከላቸውም አንዱ የፓምፑ ቱቦ ከሚገባበት ቦታ ጋር ይገናኝ። ቦይ ከሌለ ከረጢቱ ቱቦው አጠገብ ቶሎ ተጣብቆ መንገዱን ይዘጋዋል፤ ጌጁም ሙሉ ያነባል፤ በሌላው ወገን ግን አየሩ ታስሮ ይቀራል። ጠርዞቹንና ማዕዘኖቹን በራውተር አዙረው ክብ ያድርጓቸው፤ የማዕዘኑ ሹልነት ከረጢትን ከየትኛውም ነገር በፊት የሚጎዳ ነውና። ቬኒየሩ ወደ ታች የሚዞር ከሆነ ደግሞ፣ ወይም ሁለቱንም ፊት በአንድ ጊዜ የሚለጥፉ ከሆነ፣ በቦያማው ሰሌዳና በዕቃው መካከል ቦይ የሌለው ሌላ ለስላሳ ሰሌዳ ያስገቡ፤ አለበለዚያ የቦዮቹ መስመር በቬኒየሩ ላይ ይታተማል።

የላይኛው ሰሌዳ ቦይ አያስፈልገውም፤ ውፍረቱም ከ6 እስከ 18 ሚሊ ሜትር ያለው ሁሉ ይሠራል። በእሱ ላይ ወሳኙ መጠኑ ነው። ከዕቃው ብዙ የሰፋ ከሆነ፣ ተርፎ የወጣው ክፍል ከሥሩ ድጋፍ ስለሌለው ከረጢቱ ወደ ታች ያጥፈዋል፤ ያን ጊዜ የዕቃው ጠርዝ ከልክ በላይ ይጫናል፤ ከጠርዙ ትንሽ ገባ ብሎ ያለው ቦታ ደግሞ ይነሣል። ዳሩ ላይ ኮላው ተጨምቆ አልቆ፣ ከዳሩ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ አረፋ የሚያዩ ከሆነ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። ከዕቃው ካነሰ ደግሞ ዳሩ ሳይጫን ይቀራል፤ ቬኒየሩም በሰሌዳው ጠርዝ ልክ ይሰበራል። ቬኒየሩን ከዕቃው በየዙሪያው 10 ሚሊ ሜትር ያህል አስተርፈው ይቁረጡ፤ የላይኛውን ሰሌዳ ግን ከዕቃው በየዙሪያው ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ አያስተርፉት። ለየዕቃው የሚስማማ የላይኛ ሰሌዳ መቁረጥ አድካሚ መስሎ ይታይዎት ይሆናል፤ ሆኖም ከታችኛው ይልቅ ለላይኛው መድከም የሚገባ መሆኑን በእርግጠኝነት እነግርዎታለሁ።

ሜላሚንም ሆነ ፎርማይካ እርጥበት ስለማያስወጡ፣ የኮላው ውሃ የሚሄደው ወደ ዕቃው ውስጥ ብቻ ነው። ዕቃው ከከረጢቱ ሲወጣ ደረቅ ቢመስልም እርጥበቱ ገና አልወጣም። በአንድ ወገን ጠረጴዛ ላይ ካስተኙት አየር ያገኘው ወገን ቀድሞ ደርቆ ይጣመማል፤ በቀጫጭን እንጨቶች ላይ አጋድመው ወይም አቁመው ሁለቱም ፊት እኩል አየር እንዲያገኝ ያድርጉ፤ በክረምት ወራት ደግሞ ከወትሮው ረዘም ያለ ጊዜ ይስጡት። በሰሌዳውና በቬኒየሩ መካከል ወረቀት የሚጠቀሙ ከሆነ ያልታተመበት ይሁን፤ የጋዜጣ ቀለም ወደ እርጥብ ቬኒየር ይተላለፋል።

ጥያቄ፦ ከሐዋሳ ነው የምጽፈው። ለአንድ የእንግዳ መቀበያ ባንኮኒ ፊቱ በቅስት ቅርጽ የታጠፈና ቬኒየር የለበሰ ሥራ ታዝዣለሁ። ቅርጹን ከነጭ ፎም ቆርጬ በከረጢት ብጭነው ይሆናል? የላይኛው ሰሌዳስ ለታጠፈ ሥራ ከምን ይሠራል?

መልስ፦ እዚህ ላይ ለገርጂው አንባቢ የሰጠሁት መልስ በከፊል ይለወጣል። ጠፍጣፋ ሰሌዳ በሁለት እኩል ኃይሎች መካከል ስለሚያዝ ጥንካሬ አያስፈልገውም ብለናል፤ የቅስት ቅርጽ ግን የታጠፉት ንብርብሮች ወደ ቀጥተኛነታቸው ለመመለስ የሚገፉትን ኃይል መቋቋም አለበት፤ አካሉም ራሱ ከየአቅጣጫው ይጨመቃል። ሐዋሳ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች የምታገኙት ኃይል ከአዲስ አበባ ትንሽ ይበልጣል፤ ጌጁ እስከ 24 ኢንች ገደማ ሊያነብ ይችላል። በዚህ ጭነት ለዕቃ ማሸጊያ የሚውለው ቀላሉ ነጭ ፎም ይጨፈለቃል። ጭፍለቃው በአንድ ጊዜ ላይታይ ይችላል፤ ሆኖም ቅርጹ ከጭነት ወደ ጭነት ስለሚያንስ፣ መጀመሪያ የተለጠፈውና መጨረሻ የተለጠፈው ክፍል ቅስታቸው አይገጥምም። ለባንኮኒ ይህ ትልቅ ጉዳት ነው፤ ክፍሎቹ ጎን ለጎን የሚቆሙ ናቸውና።

አስተማማኙ መንገድ የቅስቱን ቅርጽ በኤምዲኤፍ ላይ አንድ ጊዜ በጥንቃቄ ቆርጦ፣ ያንን እንደ መለኪያ በመያዝ ሌሎቹን በራውተር አስመስሎ መቁረጥና ሁሉንም አጣብቆ አንድ ድፍን አካል ማድረግ ነው። ቦርዱ የሚበዛብዎት ከሆነ ቁራጮቹን አለያይተው በማቆም እንደ ጎድን አጥንት አድርገው ገጽ ሊያለብሷቸው ይችላሉ፤ ግን በመካከላቸው ያለው ርቀት ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ባይበልጥ፣ ገጹም ቢያንስ ሁለት ንብርብር ተጣጣፊ ኮምፔልሳቶ ቢሆን እመክራለሁ። እያንዳንዱ ጎድን ላይ ቀዳዳ ያብጁ፤ አየሩ ከውስጥ በፍጥነትና በእኩል ይውጣ። የታሰረ አየር በዝግታ ሲወጣ ጌጁ እየወረደ ሲመለስ ይታያል፤ ብዙ ሰው ያንን የከረጢት ቀዳዳ መስሎት ሲፈልግ ይደክማል።

ለላይኛው ሰሌዳ ፋይሲት (ከእንጨት ጭረት የተጨመቀ ቀጭንና ጠንካራ ቦርድ) እጅግ ይስማማል። ባለ 3 ሚሊ ሜትሩ ሰፋ ላለ ቅስት በቀላሉ ይታጠፋል፤ ለስላሳው ወገኑ ወደ ቬኒየሩ ይዙር፤ መረብ የታተመበት ሻካራው ወገን ደግሞ ወደ ከረጢቱ ሆኖ ለአየር መንገድ ይሆናል። ኮላ እንዳይዘው ግን ለስላሳውን ወገን በቫርኒሽ መቀባት ወይም ፕላስቲክ ማስገባት ያስፈልጋል። ቅስቱ ጠበቅ ያለ ከሆነ ስስ ፎርማይካ ይሻላል፤ ፊቱ ጠንካራ ስለሆነ የቬኒየሩን መገጣጠሚያዎች እኩል ይጫናል፤ ዳሩም ስለታም ስለሆነ ከረጢቱ እንዳይቆረጥ በቴፕ ይሸፈን። በጣም ለጠበበ ቅስት የላይኛውን ሰሌዳ ጨርሶ ትተው ከረጢቱ በቀጥታ እንዲጫን ማድረግ ይቻላል። ያን ጊዜ ቬኒየሩ ራሱ የተስተካከለና ያልተጨማደደ ሊሆን ይገባል፤ ለአየር መውጫ ከከረጢቱ ሥር መረብ ከተጠቀሙም ቅርጹ በቀጭን ቬኒየር ላይ እንዳይታተም በመካከሉ ፕላስቲክና ስስ ካርቶን ያኑሩ።

ሌላው ጉዳይ ጊዜ ነው። ለጠፍጣፋ ሥራ ነጭ ኮላ በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ይለቀቃል። ለታጠፈ ሥራ ግን ነጭ ኮላ ቀስ በቀስ ስለሚሸሽ ቅስቱ ይከፈታል፤ የዱቄት ኮላ ይጠቀሙ፤ እሱም እንደ አምራቹ መመሪያ ብዙ ሰዓት፣ ብዙውን ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ፣ በጭነት ሥር መቆየት አለበት። በዚያ መካከል መብራት ቢጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ ስለዚህ በፓምፑና በከረጢቱ መካከል አየር ወደ ኋላ የማያስመልስ ቫልቭና አየሩ አስቀድሞ የተሳበበት ትንሽ ታንከር ይኑር። ከረጢቱ የማያፈስ ከሆነ እነዚህ ሁለቱ ጭነቱን ረዘም ላለ ጊዜ ያቆዩታል።

ጥያቄ፦ በአሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ግዛት በአሌክሳንድሪያ ከተማ ነዋሪ ነኝ። በትርፍ ጊዜዬ የላሊበላና የጎንደር መስቀሎችን ቅርጽ ከተለያየ ቀለም ቬኒየር ቆርጬ እየገጣጠምሁ የግድግዳ ሰሌዳ እሠራለሁ። አየሩ ሲሳብ ቅርጹ መንሸራተቱን ለማየት የላይኛውን ሰሌዳ ከሚያሳይ ነገር ልሠራው አስቤያለሁ። መስታወት ይሻላል ወይስ አክሪሊክ?

መልስ፦ አክሪሊክ ይሻላል። መስታወት ከሁሉም ቀጥ ያለና የለሰለሰ ገጽ ቢኖረውም፣ በሥሩ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ወይም የመጋዝ ፍርፋሪ ካለች ጭነቱ በእሷ ላይ ተሰብስቦ ሊሰብረው ይችላል፤ እርስዎ በሚኖሩበት ዝቅተኛ ቦታ ደግሞ ኃይሉ በአንድ ስኩዌር ሜትር እስከ 10 ቶን ይደርሳል። ስብርባሪው ከረጢቱንም ሥራውንም ያበላሻል። ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚሠራውን ኮላ የሚጠቀሙ ከሆነ ሌላም ምክንያት አለ፤ ያ ኮላ በመስታወት ላይ ሲደርቅ እየተኮማተረ የመስታወቱን ገጽ ቁራጭ እያነሣ ይልጣል።

አክሪሊኩ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ቢሆን ለአነስተኛ ሰሌዳ ይበቃል፤ ጠርዙን ክብ ያድርጉት። ሲያጸዱት ለብ ያለ የሳሙና ውሃ ብቻ ይጠቀሙ፤ አልኮልና የቀለም ማቅጠኛ በገጹ ላይ ጥቃቅን ስንጥቆች ይፈጥራሉ። ኤፖክሲና ፖሊዩሬቴን ኮላ በአክሪሊክ ላይ ስለሚይዙ በእነዚህ ሲሠሩ ፖሊኤቲሊን ያስገቡ። በማሞቂያ ብርድ ልብስ ሥርም አያስገቡት፤ በሙቀት ይለሰልሳል፤ ከቀዘቀዘ በኋላም የያዘውን ጥምዝ አይለቅም።

ለእርስዎ ሥራ ግን ከግልጽነቱ ይልቅ ጥንካሬው እንዲያሳስብዎት እፈልጋለሁ። የቬኒየሩ ቁራጮች በቴፕ ስለሚያያዙ ቴፑ ካለበትና ከሌለበት መካከል የወረቀት ውፍረት ያህል ልዩነት አለ፤ ቁራጮቹም ራሳቸው ከተለያየ እንጨት ስለሆኑ ውፍረታቸው አንድ ላይሆን ይችላል። ጠንካራ አክሪሊክ የወፈረውን ብቻ ተጭኖ የቀጠነውን ይተወዋል፤ ቴፑንም ወደ ለስላሳው እንጨት ያሰምጠዋል። በአክሪሊኩና በሥራው መካከል ሁለት ሦስት ሉህ ያልታተመበት ለስላሳ ወረቀት፣ በወረቀቱና በቬኒየሩ መካከል ደግሞ ፖሊኤቲሊን ቢያደርጉ ልዩነቱን ይሞላዋል፤ ነገር ግን ወረቀቱ ማየትን ይከለክላል። ሁለቱ አብረው ስለማይሄዱ ምርጫዬን ልንገርዎት፦ ወረቀቱን ይጠቀሙ። መንሸራተቱን ደግሞ በማየት ሳይሆን በማሰር ይከላከሉት። ከሚቆረጠው ትርፍ ዳር ላይ፣ ከመስቀሉ ቅርጽ ውጭ፣ በሁለት ተቃራኒ ማዕዘኖች ቬኒየሩን ከሥሩ ካለው ቦርድ ጋር በቴፕ ይያዙት፤ ፓምፑን አስነሥተው ጌጁ 5 ኢንች አካባቢ ሲደርስ ቫልቩን ለጊዜው ይያዙ፤ በከረጢቱ ላይ በእጅዎ እየዳሰሱ የላይኛው ሰሌዳ ከዕቃው ጠርዝ ጋር መግጠሙን ያረጋግጡ፤ ካልገጠመ በዚያ ደረጃ አየር አስገብቶ ማስተካከል ገና ይቻላል። ከገጠመ ቫልቩን ከፍተው እስከ 25 ኢንች ድረስ ይሳቡ፤ እርስዎ ባሉበት ከፍታ ይህ ቁጥር ይገኛል።